አስቸኳይ! ጀልባዬ አየር ትለቃለች፣ ቅዳሜ ዝዋይ ነኝ

የፒያሳው ልጅ (ጠያቂ) — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የምትነፋ የፕላስቲክ ጀልባ አለችኝ፣ 2 ሜትር ከ30። ትናንት ከሰዓት ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንጋይ እስክትመስል ነፋኋት። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እንደተጨመቀ ሎሚ ሆናለች። ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለጠፍኩ። አሁን ማታ ልጣፊው ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እወጣለሁ፣ መኪናው ተከፍሏል። ዳክዬ ነው የምፈልገው፣ ፊላው ውስጥ ተደብቄ።
ሁለት ጥያቄ አለኝ። በምን ላጣብቃት? ካልሆነ ደግሞ አንድ ሰውዬ 3 ሜትር የፋይበር ጀልባ ሊሸጥልኝ ነው፣ እሷን ልውሰድ? ማድፈጫውንስ በምን ልሥራው? (ሦስት ሆነ።) የወታደር ልብስ የሚመስል መረብ አግኝቻለሁ።

ሜላት ዘአራት ኪሎ — 1፡46
ዳክዬ ለምኑ? አይበላ! ዶሮ ይህን ያህል ተወደደ እንዴ?

ጎማ በጎማ — 1፡52
ቀላል ነው። ላስቲክ አቃጥለህ አንጠባጥብበት። የኛ ቤት ጀሪካን እንደዚያ ተደርጎ ሦስት ዓመት ሆነው።

ዱር ወዳድ — 2፡05
ወንድሜ፣ ከጀልባው በፊት ሕጉን ጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ፈቃድ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ነው እንጂ እዚህ አይደለም። «ዳክዬ ናት፣ ማን ያያል» እየተባለ ነው ሀገሩ ባዶ የቀረው። አሁን ጥር ነው። ሐይቁ ላይ ካሉት ግማሾቹ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ናቸው። እንግዳ በጥይት ነው የምንቀበለው? ይህን ጽፌ ዝም እላለሁ።

የፒያሳው ልጅ — 2፡09
ኧረ ጋሼ! ካሜራ ነው የምይዘው። ፎቶ ነው! መሣሪያ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ዱር ወዳድ — 2፡14
ታዲያ «ዳክዬ ነው የምፈልገው፣ ተደብቄ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? ለማንኛውም ይቅርታ። አዋጁን ግን አንብበው።

ሸራ ሰፊው — 2፡31
ጎሚስታው አልበደለህም። የሱ ኮላ ለካላማዳሪ ነው፣ ለጎማ። ያንተ ጀልባ ግን ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራች ትመስለኛለች። ጥጥ አሴቶን አስነክተህ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ፈትጋት። ተጣባቂ ከሆነችብህ ፒቪሲ ናት። በፒቪሲ ላይ የጎማ ኮላ ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ ልክ እንዳየኸው እንደ እከክ ይነሳል። ቡናማው ተራ ማስቲሽም ያው ነው፣ ገንዘብህን አታጥፋ።
የሚያስፈልግህ ጫማ ሰሪዎች ሶል የሚያጣብቁበት ፖሊዩሬቴን የሚባል ኮላ ነው፣ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጠብ የሚደረግበት። መርካቶ የጫማ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቅ፣ «ለፒቪሲ ሶል» በላቸው። ልጣፊውን ደግሞ ከጭነት መኪና ሸራ ቁረጠው፣ እሱም ፒቪሲ ነው። እኛ ጋ ቁርጥራጭ መሬት ላይ ይረገጣል። ሳንቲም አስቀምጠህ ጠርዙን ክብ አድርገው፣ ማዕዘን ካለው ከማዕዘኑ ይነሳል። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አራት ጣት ይትረፍ።
የጎሚስታውን ኮላ ቅሪት አንዳች ሳታስቀር ላጠው። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ በአሴቶን ጥረግ፣ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። በስሱ ቀብተህ አድርቅ፣ ድገመው። ሁለተኛው ጣት ላይ ሳብ ማለት ሲጀምር ለጥፈህ በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር እሸው። እህትህ የፀጉር ማድረቂያ ካላት ከመለጠፍህ በፊት ሞቅ አድርገው። አየር የሌላት፣ የተዘረጋች ጀልባ ላይ ነው የሚለጠፈው። ከዚያ 24 ሰዓት አትንፋት።

የፒያሳው ልጅ — 2፡36
24 ሰዓት?? ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ብለጥፍ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል። እኔ በዚያ ሰዓት ውሃው ላይ መሆን አለብኝ።

ሸራ ሰፊው — 2፡38
እኔ ኮላውን አልሠራሁትም።

ጎማ በጎማ — 2፡40
ላስቲኩን ብትሞክረው ግን በ5 ደቂቃ ያልቃል።

ሃይላንድ — 2፡55
ቆይ፣ መጀመሪያ በእርግጥ ቀዳዳ አላት? ከሰዓት ፀሐይ ላይ ነፍተህ የጥር ሌሊት ካሳደርካት ጤነኛዋም ትለሰልሳለች፣ ውስጧ ያለው አየር ሲበርደው ይኮማተራል። ሌላም አለ። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ዝዋይ 1,640 ገደማ ነው። እዚህ የከደንከው ባዶ ሃይላንድ እዚያ ስትደርስ ለምን እንደሚጨማደድ አስበህ ታውቃለህ? ጀልባም ያው ናት። ስለዚህ እዚያ ንፋት። ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ስለሚወጥራት ትንሽ አስተንፍሳት።
ለማንኛውም ኦሞ በውሃ በጥብጠህ በስፖንጅ ቀባባት። አረፋ የሚፈላበትን በእስክርቢቶ ክበበው።

የፒያሳው ልጅ — 3፡20
ቀባሁ። ጎሚስታው የለጠፈበት ቦታ ምንም የለም! አረፋው የሚወጣው ከአየር መሙያው ሥር ነው፣ እንደ ሩዝ ፍሬ እያከታተለ። ጤነኛ ቦታ ነው ያስለጠፍኩት ማለት ነው?

ሜላት ዘአራት ኪሎ — 3፡22
😂😂 ጎሚስታው ግን ሒሳቡን ተቀብሏል።

ሸራ ሰፊው — 3፡30
የመሙያው ክዳን ከሆነ ተገላገልክ። ንቀለው፣ ላስቲኩ ሥር አሸዋ ወይም ፀጉር አይጠፋም። ጥረገው፣ አጥብቀህ መልሰው። እግሩ ከጀልባዋ ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት ነው፣ እሱንም ቀለበት አድርገህ ቆርጠህ። የአየር ክፍሏ ስንት ነው? አንድ ብቻ ከሆነ ከዳር አትራቅ።

የዝዋይ ውሃ — 3፡41
የተወለድኩት ባቱ ነው፣ ያው ዝዋይ ማለት ነው፣ ስሙን እንደፈለጋችሁ ጥሩት። ስለ ኮላ አላውቅም፣ ስለ ጉማሬ ግን ልንገርህ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። አንተ ልትደበቅበት ያሰብከው ፊላ የሱ በር ነው። ሰዓቱም ያው ያንተ ሰዓት ነው። በምትነፋ ጀልባ በሩ ላይ ልትቀመጥለት ነው? ዓሣ አስጋሪዎቹ የት እንደሚውል ያውቃሉ። ከነሱ አንዱን ሳትይዝ አትግባ፣ የቀን አበሉን ክፈለው። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ተናካሽ ነው። ከ5 ሰዓት በፊት ውጣ። ላይፍ ጃኬት አለህ? አልጻፍክም። ውሃው ውስጥ በባዶ እግር እየወረድክ እንዳትገፋት፣ ቢልሃርዝያ አለ።

አሮጌው አዳኝ — 3፡58
በወጣትነቴ ፈረንጆች ተከትዬ ዳክዬ አደን ወጥቻለሁ፣ በፈቃድ ነው፣ ዱር ወዳድ እንዳይቆጡኝ። ማድፈጫ ላይ ሁሉም የሚስተው አንድ ነገር ነው። ሰው በዙሪያው ግድግዳ ይሠራና ጣሪያውን ይረሳል። ዳክዬ የምትመጣው ከላይ ነው። ሁለቴ ሳትዞር አታርፍም። ስትዞር የምታየው ጭንቅላትህንና የፊትህን ንጣት ነው። ቀና ብለህ ካየሃት አለቀ። ስለዚህ ከላይህ ይሸፈን፣ ኮፍያ ይኑርህ፣ እጅህ ቶሎ ቶሎ አይንቀሳቀስ። አንዱ ፈረንጅ የሰዓቱ መስታወት እያብለጨለጨ ጠዋቱን በሙሉ አስበረረብን።
መረቡን ተወው። ኬላ ላይ «ይህ ምንድን ነው» ሲሉህ ዳክዬ ብለህ ልታስረዳ ነው? አሮጌ ጆንያ ግዛ፣ ምናለሽ ተራ ሞልቷል። ስፌቱን ፍታው፣ ጠርዙን ተርትረው፣ ክሩ ይንጠልጠል። እዚያው ስትደርስ ከወደቀው ደረቅ ፊላ ሰብስበህ በክሩ እሰር። ያለህበትን ቦታ ሣር የሚመስል መረብ የለም። ከፍታው ቁጭ ስትል ከትከሻህ አይብለጥ፣ ከበለጠ ነፋሱ እንደ ሸራ ይዞህ ይሄዳል።
ስለ ፋይበሩ፦ ሆዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ረግረግ ላይ ይጠቅማል፣ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል። ሆዱ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ካሜራ ይዘህ ስትዞር ይገለብጥሃል። መቅዘፊያው በነካው ቁጥር ደግሞ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፋል። የምትነፋዋ ዝምተኛ ናት። ጠላቷ የታጨደ ፊላ ጉቶ ነው፣ እንደ ጦር ይወጋታል። ሞተር አያስፈልግህም፣ እምቦጭ ይጠመጠምበታል። ረጅም ሸንበቆ ያዝና እየገፋህ ሂድ።

የፒያሳው ልጅ — 4፡06
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ጀልባዋ ብርቱካናማ ናት።

ሜላት ዘአራት ኪሎ — 4፡07
በቃ ዳክዬዎቹ የፀሐይ መውጫ ይመስላቸዋል።

ሃይላንድ — 4፡09
ፋይበሩንስ በምን ልትወስደው ነበር?

የፒያሳው ልጅ — 4፡10
በቪትዝ።

ሃይላንድ — 4፡10
3 ሜትር ጀልባ፣ ቪትዝ ላይ። ዝዋይ ሳትደርስ ቃሊቲ ላይ ነው ፎቶ የምትነሳው።

ወፍ ተከታይ — አርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50
ይህን ሁሉ ያነበብኩት ቡና ይዤ ነው። ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። የትኛዋ ዳክዬ?

የፒያሳው ልጅ — 1፡15
ሠላም እህቴ። ለኤግዚቢሽን ሁለት ፎቶ ቀርቶኛል። አንዱ አካፋ መንቁር ያለው ዳክዬ ነው፣ ሌላው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ። ዋናው ዝይው ነው።

ወፍ ተከታይ — 1፡24
ታዲያ ዝዋይ ምን ልትሠራ ነው? ባለ ሰማያዊ ክንፉ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ እዚህም ቢሆን ደገኛ ነው። ብርድ ይወዳል። ገፈርሳ ሂድ፣ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ነው። ሱሉልታ ሜዳም ይገኛል። እሱ ደግሞ ውሃ ዳር ሣር የሚግጥ ወፍ ነው፣ እንደ በግ። አንገቱን ጀርባው ላይ አጥፎ ሲቆም ታየዋለህ። ጀልባ አያስፈልገውም። ገፈርሳ የከተማው መጠጥ ውሃ ስለሆነ ጀልባ ይዘህ ብትመጣም ጥበቃዎቹ አያስገቡህም። በእግርህ ሂድ፣ ጋቢ ደርብ፣ ዝም ብለህ ቁጭ በል።
አካፋ መንቁሩን ጨለለቃም ታገኘዋለህ፣ ቢሾፍቱ ጎን። ውሃው እንደ ዝናቡ ይመጣል ይሄዳል፣ አሁን ካልደረቀ ጥሩ ነው። ከዳር ሆነህ፣ የጋሼን ጆንያ ለብሰህ። ጉማሬም የለም።

የፒያሳው ልጅ — 1፡31
ግን መኪናው ለዝዋይ ነው የተከፈለው። ጓደኞቼም «ዝዋይ ዳክዬ እንደ ጉድ ነው» ነው ያሉኝ።

ወፍ ተከታይ — 1፡33
ዋሽተው አይደለም፣ ዳክዬ ሞልቷል። አንተ የፈለግከው ዝይ ነው።

ዱር ወዳድ — 1፡50
ጎጆ ላይ ያለ ወፍ እንዳይቀሰቀስም አደራ።

ጎማ በጎማ — 2፡02
ላስቲኩን ሞከርከው?

የፒያሳው ልጅ — አርብ፣ ከምሽቱ 12፡30
ክዳኑን ነቀልኩት፣ ሥሩ የውሻ ፀጉር ነበር። አሁን ኦሞው አይፈላም። አንድ ዓሣ አስጋሪ በስልክ አግኝቻለሁ። ጆንያ ሦስት ገዝቻለሁ፣ አንዱ የበርበሬ ስለሆነ እያስነጠሰኝ ነው። ነገ እነግራችኋለሁ።

የዝዋይ ውሃ — 12፡41
የበርበሬውን እቤት ተወው። ስታነጥስ ሐይቁ በሙሉ ነው የሚነሳው። ላይፍ ጃኬቱስ?

አሮጌው አዳኝ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15
ልጄ፣ ምን ደረስክ?

ሜላት ዘአራት ኪሎ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20
ዝም አለ። ዳክዬ መብላት ጀምሮ ይሆናል።

እናት ቤት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። ሸራ ሰፊው የተናገሩት የጫማ ኮላ የውሃ ሮቶ ይይዛል? የኛው ከሥሩ ተሰንጥቆ ደረጃው በሙሉ ውሃ ሆኗል፣ ታች ያሉት ጎረቤቶች እየጮኹ ነው።

ሸራ ሰፊው — 4፡30
አይይዝም እናቴ። ሮቶ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ ኮላ አይቀበልም። በሙቀት የሚበየድ ነው፣ በያጅ ይጥሩ። ለአሁኑ ውሃውን ከስንጥቁ በታች ያድርሱት።

ጎማ በጎማ — 4፡33
ላስቲክ አቃጥለው ቢያንጠባጥቡበትስ?