ጎታቹ ዳገቱን እምቢ አለን፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ያለን የሞዴል ባቡር ክበብ ነን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን መስመር ጠረጴዛ ላይ እየሠራን ነው። ልኬቱ 1 ለ 87 ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው የ1435 ሚሊሜትር ስፋት እኛ ጋ 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው።

አሁን አንዱን መስመር በሌላው ላይ በድልድይ ልናሻግር ብለን እዚያው ቆመን ቀረን። ከፍታው 9 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ያለን ቦታ ደግሞ 3 ሜትር ብቻ። በቃ፣ 3 በመቶ ዳገት ሆነ። ጎታቹ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚስበው ባለ ሞተሩ፣ ብቻውን ሲሆን ሽው ይላል። አራት ፉርጎ ስናስከትለው ግን ኩርባው ላይ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ንቅንቅ የለም።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ጠረጠርን። በቴስተር ስንለካ አዳፕተሩ ጋ 12 ቮልት፣ ዳገቱ ጫፍ 9። በየመጋጠሚያው ሽቦ በስታኞ ስንበይድ ቮልቱ ተስተካከለ። መንሸራተቱ ግን ያው ነው። አንዱ ልጅ ጎታቹ ውስጥ የእርሳስ ብረት ጨምረን እናክብደው ይላል። እኔ ሞተሩ እንዳይቃጠል ፈራሁ፤ እዚህ መለዋወጫ ከየት ይመጣል?

የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የላይኛውን መስመር 4.5 ከፍ፣ የታችኛውን 4.5 ዝቅ ብናደርግ ዳገቱ ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። ግን ኮምፐንሳቶው መቆረጥ አለበት። የሐረጎ ተራራ ብለን በጀሶ የሠራነውም ይፈርሳል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አኮረፉኝ፣ አይፈረድባቸውም።

የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩን፤ እርሳሱ ይበቃል ወይስ እናፍርሰው? ኩርባው 45 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ነው። እሱን ብቻ ብናሰፋውስ ለውጥ ያመጣል?