ልጄ ፊደሉን አውቆታል ወይስ በቃሉ ነው የያዘው?

እናት ከቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን የ9 ዓመት ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሱቃችን ውስጥ የደንበኛን መልስ ያለ ወረቀት አስልቶ ይሰጣል፤ መድረሳ የሚሰማውንም ቶሎ ይሸመድዳል። የዱቤ ደብተሩን አንብብልኝ ስለው ግን «ቡና»ን «ቢና» ይለዋል። ከትምህርት ቤት የሚነገረኝ «ሰነፍ ነው» የሚል ብቻ ነው። በቀደም የአማርኛ መጽሐፉን አንድ ገጽ ሳይሳሳት ሲወጣልኝ ደስ ብሎኝ ጠጋ ብል፣ ጣቱ ያረፈው ሌላ መስመር ላይ ነበር። ዲስሌክሲያ የሚሉት የማንበብ ችግር ይህ ይሆን?

መምህሩ ከሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ፤ ጣቱን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ሀ ሁ በዜማ ስለሚያዝ፣ በተራው የሚጠራው ልጅ ሁሉ ፊደል የለየ ይመስላል፤ የቄስ ትምህርት ቤት ከሀ ሁ ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ»ን ማስቆጠሩም ተራው ሲፈርስ ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ያደርገዋል። አንቺም ቡ፣ ቢ፣ ሉ፣ ሊን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ቀላቅለሽ አስነብቢው። ካዕብና ሣልስ (ሁለተኛውና ሦስተኛው የፊደል ዓይነት) የሚለዩት ቅጥያዋ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ ይስታቸዋል፤ በሚገባ ተምሮም ሦስተኛ ክፍል ድረስ ካልለቀቀው ግን ትኩረት ይሻል። እኔ ከፊደሉ ይበልጥ የምከታተለው ድምፁን ነው። «ከበሮ» ከሚለው ቃል «ከ» ቢወጣ ምን ይቀራል ብለሽ በቃል ጠይቂው፤ ዲስሌክሲያ በአብዛኛው የዓይን ሳይሆን የቃልን ድምፆች ለያይቶ ከፊደል ጋር የማገናኘት ችግር ነውና። ከስንፍናም ሆነ ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም።

እሙ ከሰኞ ገበያ፦
መድረሳ ላይ የዐረብኛውን ፊደልስ እንዴት ነው? በሁለቱም የሚቸገር ከሆነ ነገሩን በአንድ አስተማሪ ማላከክ ያስቸግራል። ችግሩ በዘር የመሄድ ጠባይ ስላለውም የአባቱን ወገን ጠይቂ። ብቻ አስቀድመሽ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፤ ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው። ዲስሌክሲያ ከሆነ መነጽርም መድኃኒትም አያድነውም፤ የሚረዳው ድምፅንና ፊደልን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ ያለ ቁጣ ማለማመድ ነው።

እናት ከቦርከና፦
ዛሬ ማታ ሞከርኩት። «ከበሮ» ላይ ብዙ አስቦ «ሮ» አለኝ፤ ቁራጮቹን ስቀላቅል ያንኑ ቡ አንዴ ቡ፣ አንዴ ቢ አለው። የዐረብኛውንም ኡስታዙን ጠይቄ ቁርአን በቃሉ ሲቀራ ጎበዝ፣ ሲያስነብቡት ግን ደካማ መሆኑን ነግረውኛል። አባቱ አጠገባችን ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ «እኔም እስከ አምስተኛ ክፍል እንዲሁ ነበርኩ፤ ያለፍኩት በዱላ ነው» አለኝ። ሰኞ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወስደው እሱ ራሱ ነው።