ክርክር፦ የኑክሌር ቆሻሻን በፎስፌት መስታወት ማሰር ያዋጣናል?

የጦሳ ልጅ፦ መስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት ሮስአቶም ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ፈርመዋል። እዚህ ደሴ ሁሉም የሚያወራው ስለ መብራቱ ነው። ቆሻሻውስ? ሩሲያ ማያክ በተባለው የኑክሌር ማዕከሏ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍተኛ ጨረር ያለውን ፈሳሽ ቆሻሻ የምታስረው ከፎስፌት መስታወት ጋር አቅልጣ ነው። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ግን ቦሮሲሊኬት የተባለውን፣ ቦሮንና ሲሊካ ያለበትን መስታወት ይጠቀማሉ። የማያኩን እንዳለ መቀበል የለብንም ባይ ነኝ።

ሸዋበር፦ ለምን? ፎስፌት እስከ 1000 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ቦሮሲሊኬት 1150 ገደማ ይፈልጋል። ቆሻሻው ውስጥ ያሉት ሰልፌትና ሞሊብዲነምም ቦሮሲሊኬት ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ፎስፌት ይይዛቸዋል። ነዳጅና መብራት ለሚያጥረው አገር ይህ ትንሽ ነገር ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ትንሽ አይደለም። ግን የፎስፌቱ ቅልጥ የምድጃውን ጡብ ይበላል፤ የማያክ ምድጃዎች በየጥቂት ዓመቱ ይተካሉ። አሜሪካ ሳቫና ሪቨር በተባለው የኑክሌር ጣቢያዋ ግን ቦሮሲሊኬት የሚያቀልጠው ሁለተኛው ምድጃ ከ2003 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። ያረጀው ምድጃም ራሱ ጨረር ያለበት ቆሻሻ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የማያኩ ዓይነት የሶዲየም አሉሚኖፎስፌት መስታወት ከ450 ዲግሪ በላይ ከቆየ ወደ ክሪስታል ይለወጣል። ያኔ ውኃ በቀላሉ ያሟሟዋል። ቆሻሻው ደግሞ ከውስጡ ሙቀት ያመነጫል፤ ውስጡ ያለው ጨረር አመንጪ ሲዚየም 137 በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ቦርከና፦ ወንድሞቼ፣ የብረት ፎስፌትን ረሳችሁት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ በሰፊው ተጠንቷል። ብረት ሲገባበት ውኃ የሚያጠቃው የፎስፌት ሰንሰለት ይጠናከራል። ፎስፌትን በጅምላ አትኮንኑ።

የጦሳ ልጅ፦ እታለም፣ የብረቱን አልኮንንም። ማያክ የሚያቀልጠው ግን እሱን አይደለም።

ሐይቅ፦ ልጆቼ፣ የትኛውም መስታወት ቢሆን የት ልትቀብሩት ነው? በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። የቦርከናን ወንዝ ከፋብሪካ ፍሳሽ መጠበቅ ያቃተን ሰዎች ነን፤ ይህ ያስፈራኛል።

ሸዋበር፦ አብሽሩ ጋሼ፣ ወሎ ላይ ይቀበራል ያለ የለም። ሻጩ ያገለገለውን ነዳጅ መልሶ ይውሰድ።

ቦርከና፦ መስታወት የሚያስፈልገው ያገለገለው ነዳጅ ሲጣራ ለሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ነዳጁ ካልተጣራ መስታወትም አያስፈልግም እኮ። ፊንላንድ ኦንካሎ የተባለውን ጥልቅ መቅበሪያ የቆፈረችው ነዳጁን እንዳለ ልትቀብር ነው።

የጦሳ ልጅ፦ እንግዲያው ጥያቄው ውሉ ላይ ነው። ሩሲያ ነዳጁን ወስዳ ብታጣራው፣ የሚተርፈው ቆሻሻ ወደ እኛ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቀራል? ከተመለሰ በየትኛው መስታወት ታስሮ? የግንባታው ውል ከመፈረሙ በፊት ይህ አንቀጽ ለሕዝብ ይነበብ።