ሚልዋኪ ያሉት እነዚህ ከፍ ያሉ ቤቶች የፖላንዶች ናቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ባለችው ሚልዋኪ ከተማ ደቡብ ሰፈር ስዞር አንድ ነገር ገረመኝ። ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ ከሥራቸው ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ሌላ ቤት አላቸው፤ ላይኛው በር ጋ የሚደረሰው በደረጃ ነው። "የፖላንዶች ቤት ነው" አሉኝ። የሚያውቅ አለ?

መልስ 1፦ አዎ፣ "ፖሊሽ ፍላት" ይባላሉ። ፖላንዳዊው ስደተኛ መጀመሪያ አቅሙ የፈቀደችውን ጎጆ ይሠራል። ትንሽ ገንዘብ ሲይዝ ቤቱን እንዳለ በክሪክ ያነሳውና ከሥሩ ሌላ ቤት ይገነባል፣ ከዛ ወይ ያከራየዋል ወይ ዘመድ ያስገባበታል። ማፍረስ የለ ምን የለ!

መልስ 2፦ እዛው ሚልዋኪ ፖላንዳውያኑ የሠሩትን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ዮሳፋጥ ባዚሊካንስ አይተኸዋል? ቺካጎ ሊፈርስ የነበረውን የፖስታ ቤትና የጉምሩክ ሕንፃ በ20,000 ዶላር ገዝተው፣ ድንጋዩን በ500 የባቡር ፉርጎ አስጭነው አምጥተው ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1901 ተመረቀ። ጉልላቱ የሮማውን ቅዱስ ጴጥሮስ ያስታውሳል። ምእመኑ አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ዕዳው ለዓመታት አልለቀቃቸውም።

መልስ 3፦ ደሙንም አትርሱ እንጂ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1886 ሠራተኞች የሥራ ቀን 8 ሰዓት ይሁን ብለው እዛው ሚልዋኪ፣ ቤይ ቪው ሰፈር ወዳለው የብረት ፋብሪካ ሲሄዱ ሚሊሻ ተኮሰባቸው፣ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ፖላንዳውያን ነበሩ። ያኔ አገራቸው ራሷ ለሦስት ተቆራርሳ ካርታ ላይ የለችም።

ጠያቂው፦ እናመሰግናለን። ባዚሊካውን በመኪና አልፌው ነበር፣ የፖስታ ቤት ድንጋይ መሆኑን ማን ያስባል!