«ፉል ፍሬም ካልያዘች አልጀመረችም»?

የቀሃ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፓችን ላይ አንዲት እህታችን የመጀመሪያ ካሜራዬን ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል ብላ ጠየቀች። አንዱ ምን አላት? «ፉል ፍሬም ካልያዘች አልጀመረችም»። ያን ባለ ትልቅ ሴንሰር ውድ ካሜራ ማለቱ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። እኛ ሁላችን በካኖን ፉል ፍሬም በፋይቭ ዲ ነው እንዴ የጀመርነው?

አጼ ሌንስ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ርካሽ የገዛ ሁለቴ ይገዛል። እስቲ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አንሱ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ክሮፕ ካሜራ፣ ያ ሴንሰሩ አነስ ያለው፣ ለጨለማው ብለህ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ስታደርሰው የመላእክቱ ፊት ላይ እንደ ሽሮ ያለ ነጠብጣብ ይነሰንስበታል።

ቅዳሜ ገበያ፦ ሽሮውን ያመጣው ሌንሱ ነው ጋሼ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ዙም ሲደረግ የብርሃን ቀዳዳው 5.6 ላይ ነው የሚቆመው፣ ከዚያ በላይ አይሰፋም። ቀዳዳው የሚሰፋውን ሃምሳ ሚሊ 1.8 ስካበት፤ 3200 የነበረው አይኤስኦ ወደ 400 ይወርዳል። ያንተ ፉል ፍሬም የሚጨምረው አንድ ስቶፕ ተኩል እንኳ አይሞላም (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)። ለሱ ነው ልጅቷ የማትጀምረው?

አጼ ሌንስ፦ ሃምሳው ካኖን ክሮፕ ላይ እንደ 80 አጥብቦ ነው የሚያየው። ጣሪያው አይገባልህም።

ቅዳሜ ገበያ፦ ወደ ኋላ ፈቀቅ በላ!

አጼ ሌንስ፦ ኋላው ግድግዳ ነው። ለመሆኑ ጫማህን አውልቀህ ገብተህ ታውቃለህ?

ቅዳሜ ገበያ፦ ክርስትና የተነሳሁት እዛው ነው!

ኒኮን በደሜ፦ ካኖን ካኖን ስትሉ ልትሞቱ ነው። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1550 ፎቶ ያነሳል ይላል አምራቹ፤ የካኖን 2000ዲ 500 ነው። መብራት እንደልቧ በምትሄድበት አገር የትኛው ይሻላል? ከከተራ እስከ ጥምቀት ይዞኝ ይውላል ያድራል።

የቀሃ ልጅ፦ ካሜራው ውስጥ የፎከስ ሞተር ግን የለውም። የራሱ ሞተር የሌለውን የድሮ ኤኤፍ-ዲ ሌንስ ብትገዛለት በእጅህ ስታጠራ ታቦቱ አልፎህ ይሄዳል።

ኒኮን በደሜ፦ ካኖን 4000ዲ ደግሞ ሌንስ የሚሰካበት ፕላስቲክ ነው። እሱንስ?

አዘዞ፦ እኔ ያገለገለ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። ሻጩ «ሰርግ እንኳ አላየም» ብሎኝ ነበር። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ከሌሊት ጀምሬ ቦታ ይዤ፣ ካህናቱ ውሃውን ሲባርኩ ካሜራው «ኤረር 20» አለና ቀጥ። ሹተሩ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈት የሚዘጋው መጋረጃ፣ አልቋል። ሕዝቡ ዘሎ ሲገባ በስልኬ አነሳሁት። ስንት እንዳነሳ ሳታስቆጥሩ ብር አታውጡ።

አጼ ሌንስ፦ ያልኩት ይኸው፣ ሁለቴ ይገዛል!

አዘዞ፦ ሁለቴ አልገዛሁም። አሠራሁት። እሱም «አልጀመረም» ይባላል?

ጠያቂዋ፦ እኔ እኮ አለሁ፣ እያነበብኩ ነው። በጀቴን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

አጼ ሌንስ፦ ስንት ነው እህቴ?

ቅዳሜ ገበያ፦ አንተ መጀመሪያ «አልጀመረችም» ያልከውን አንሳ!