የ14 ቀኑ ገደብ ወደ 28 ይራዘም?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በቤተ ሙከራ ያለን የሰው ጽንስ ከ14 ቀን በላይ ማሳደግ ወንጀል ነው። ጉዳዩን የሚቆጣጠረው የአገሪቱ ባለሥልጣን በ2024 መጨረሻ ገደቡ ወደ 28 ቀን እንዲራዘም ሐሳብ አቅርቧል፤ ውሳኔው ግን የፓርላማው ነው። ይራዘም ትላላችሁ?

አዋላጅ ነርስ፦ ይራዘም ባይ ነኝ። ልብ መምታት የሚጀምረው፣ በኋላም አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው በእነዚህ ተጨማሪ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በአገራችን የነርቭ ዘንግ ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። ጀርባው ያልተዘጋ ልጅ ተቀብሎ ለእናቱ ያሳየ ሰው፣ በዚያ ጊዜ ምን እንደተበላሸ ማወቅ አያስፈልግም ሊል አይችልም።

የሕግ መምህር፦ እህታችን፣ ያዩት ሐዘን ይገባኛል። ይሁን እንጂ ለዚህ ችግር መከላከያ የተገኘው ጽንስን በብልቃጥ በማሳደግ አልነበረም። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1991 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኛን የቸገረን ክኒኑ በወቅቱ ለእናቶች አለመድረሱ ነው።

ደግሞም በፈላስፋዋ ሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ በ1984 14 ቀንን የመረጠው እንዲያው በግምት አይደለም፤ በ15ኛው ቀን ገደማ የአካሉን አቅጣጫ የሚለይ መስመር በጽንሱ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያም ለሁለት ተከፍሎ መንታ የመሆኑ ነገር ያከትማል። ያ ምክንያት ዛሬም እንዳለ ነው፤ የተለወጠው አቅማችን ብቻ ነው። በ2016 የካምብሪጅና የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽንስን እስከ 13ኛው ቀን ድረስ አቆይተው፣ ገደቡን ላለማለፍ ሲሉ ሙከራውን አቋረጡ። አጥሩ ስለደረስንበት ብቻ የሚገፋ ከሆነ፣ 28ኛው ቀን ላይ ስንደርስስ ምን ልንል ነው?

ዲያቆን፦ እኔ ከሁለታችሁም እለያለሁ። ሰው ከተጸነሰበት ቅጽበት ጀምሮ ሰው ነው ብዬ ስለማምን 14ም ሆነ 28 ለእኔ አንድ ነው። ጀርመንም በዚያው በ1990 ባወጣችው ሕግ ጽንስን ለምርምር ማዋልን ጨርሶ ከልክላለች።

አዋላጅ ነርስ፦ ዲያቆን፣ እምነትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እነዚህ ጽንሶች በአብዛኛው ልጅ ለማግኘት ከታከሙ ጥንዶች ተርፈው በፈቃዳቸው የተሰጡ ናቸው፤ ለምርምር ባይውሉ የሚጠብቃቸው መወገድ ነው። መምህር፣ ገደቡ ለ26 ዓመት ሳያከራክር የኖረው ማንም ሊደርስበት ስላልቻለ ነው። ፎሊክ አሲድም ሁሉንም አይከላከልም። ደግሞ ፈቃዱ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ አላልኩም፤ በእንስሳት ወይም ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ) በሚሠራ የጽንስ አምሳያ ሊመለስ ለማይችል ጥያቄ ብቻ ይሁን።

የሕግ መምህር፦ ይህ ቅድመ ሁኔታ በሕጉ ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ከተጻፈ ተቃውሞዬን አለዝባለሁ። ለመመሪያ ከተተወ ግን፣ መመሪያ ያለ ፓርላማ ድምፅ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በ14ቱ ቀን እጸናለሁ።