የአይጥ ሙከራ ፕሮቶኮል ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመለሰ፦ ቁጥሩን፣ ማቆሚያውንና አገዳደሉን እንዴት ላስተካክል?

ሰንበሌጥ፦

ሰላም ወገኖች። ነገሩ የማስተርስ ፕሮቶኮል ነው። የአንድ የባህል መድኃኒት ተክል ቅጠል በ80 በመቶ ሜታኖል ተዘፍዝፎ የወጣ ኤክስትራክት፣ በፕላዝሞዲየም በርጋይ (የአይጥ ወባ ጥገኛ፣ አንካ ዝርያ) በተያዙ ስዊስ አልቢኖ አይጦች ላይ ይሞከራል። መጀመሪያ አኩት ቶክሲሲቲ (የአንድ ጊዜ ዶዝ መርዛማነት)፣ ከዚያ የአራት ቀኑ ሰፕረሲቭ ቴስት (መድኃኒቱ የጥገኛውን መራባት ማፈኑን የሚለካው) በድፍኑ ኤክስትራክትና ከእሱ በተለዩ ሦስት ፍራክሽኖች። ለእያንዳንዳቸው 5 ግሩፕ (መድኃኒት የማያገኝ ኔጌቲቭ ኮንትሮል፣ የታወቀው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ ሦስት ዶዝ)፣ በየግሩፑ 6 አይጥ፤ ድምሩ 120። ከአራተኛው ቀን በኋላ እስከሚሞቱ ድረስ፣ ቢበዛ 30 ቀን፣ ክትትል ይደረጋል። የተረፉት በኤተር ይገደላሉ።

ኮሚቴው ሦስት ነገር ጽፎ መለሰው፦ «የቁጥሩ ምክንያት አልተገለጸም»፣ «ሞት እንደ መለኪያ ተወስዷል»፣ «ኤተር ተቀባይነት የለውም»። ከዚህ በፊት ባለፉ ቲሲሶች ላይ ግን ሦስቱም አሉ፤ ምን ተቀየረ? ሌላው ደግሞ፣ ሙከራው የሚካሄደው መሃል አዲስ አበባ፣ ከልደታ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ሰጋቱራው ከአናጺ ቤት ይመጣል፣ መብራትም ይጠፋል። ይህም ፕሮቶኮሉ ላይ ይጻፋል?

ጊምሳ፦

ከሦስቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

የአራት ቀኑ ቴስት ዋና ውጤት የሚነበበው በአራተኛው ቀን ከጅራት ደም በሚሠራ ስላይድ ነው። ፓራሲቴሚያውን (ጥገኛ የያዘውን ቀይ ሕዋስ በመቶኛ) ቆጥረሽ ከኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ጋር ታወዳድሪያለሽ፤ ጥያቄሽ እዚያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው «የመኖር ዕድሜ» ተጨማሪ መረጃ ነው፤ ዋጋው ደግሞ የኮንትሮሎቹ አይጦች ደማቸው አልቆ፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ቀስ እያሉ መሞት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ በአንቀጽ 13 ላይ ሞትን የሙከራ ማብቂያ ማድረግ በተቻለ መጠን እንዲቀርና ቀደም ባለ ማቆሚያ እንዲተካ ያዛል። መመሪያው እኛን አይገዛም፤ ጽሑፍሽን የሚገመግመው ጆርናል ግን በዚያ መንፈስ ነው የሚያነበው።

የመኖር ዕድሜውን መጣል የግድ አይደለም። «ሞተ» የሚለውን «ማቆሚያው ላይ ደረሰ» በሚለው ተኪ፤ ካፕላን ማየር (የመኖር ዕድሜ ስታቲስቲክስ) ላይ ያው እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል። ማቆሚያውን በግልጽ ጻፊ፦ ከዜሮኛው ቀን (ጥገኛው ከተሰጠበት ቀን) ክብደት 20 በመቶ መቀነስ፣ በጀርባ ሲያስተኙት ተገልብጦ መነሳት አለመቻል፣ መንቀጥቀጥ፣ ወደ ምግብና ውኃ መድረስ አለመቻል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ አይጡ በዚያው ሰዓት ይገደላል። የሰውነት ሙቀትንም ጨምሪ። ክብደት ብቻውን ያታልላል፤ ወባ የያዘው አይጥ አንዳንዴ ክብደቱ ብዙም ሳይወርድ ሙቀቱ ቀድሞ ይወድቃል።

ክትትሉ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ጠዋትና ማታ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የቀን አቆጣጠር አለ። ሰኞ ጥገኛውን ካስያዝሽ ስድስተኛው ቀን እሑድ ይውላል፤ እንስሳት ቤቱ ውስጥ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ኮንትሮሎቹ ይከፋሉ። ሐሙስ ብታስያዢ ቅዳሜና እሑድ ዶዝ መስጠት ብቻ ነው፤ ስላይዱ ሰኞ፣ ክፉዎቹ ቀናት ከማክሰኞ እስከ ዓርብ። ለጥምቀትና ለፋሲካም ካላንደሩን አስቀድመሽ እዪ።

ሌላው ስህተት ኢኖኩለሙ (አይጡን ለማስያዝ የሚወጋው ጥገኛ ያለበት ደም) ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አይጥ 10 ሚሊዮን የተያዘ ቀይ ሕዋስ በ0.2 ሚሊ ሊትር፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ማለትም የሚዘጋጀው 50 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ነው። ቲሲሶቹ ሁሉ «የአይጥ ደም በሚሊ ሊትር 4.5 ቢሊዮን ቀይ ሕዋስ አለው» የምትል ዓረፍተ ነገር ይቀባበላሉ። የጤነኛ አይጥ ደም ግን ከ7 እስከ 11 ቢሊዮን ነው። ዶነሩ (ጥገኛው የሚቀዳበት የተያዘ አይጥ) 30 በመቶ ፓራሲቴሚያ ካለው በቀዳሚው ስሌት 27 እጥፍ ታቀጥኛለሽ፤ እውነተኛው ቆጠራ 8 ቢሊዮን ከሆነ 48 እጥፍ መሆን ነበረበት። ሁለት እጥፍ ግድም ጥገኛ ሰጥተሽ ኮንትሮሉ ቀድሞ ሲከፋ ጥፋቱ የተክሉ ይመስላል። ሄሞሳይቶሜትር (የሕዋስ መቁጠሪያ መስታወት) ላይ ቁጠሪ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደግሞ ለ30 አይጥ የሚያስፈልገው 6 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ነው፤ ለእሱ የዶነሩ ደም ሩብ ሚሊ ሊትር ይበቃል። አራት አምስት ዶነር ማስያዝ ምን ይባላል? አንድ እና አንድ መጠባበቂያ በቂ ነው።

ለስላይዱ የጅራቱን ጫፍ በየቀኑ መቁረጥ ይቅር። በአራተኛው ቀን በመርፌ ወጋ አድርጎ አንድ ጠብታ ማውጣት ይበቃል።

ቁጥር ወዳጅ፦

ስለ ቁጥሩ። «ሌሎችም 6 ተጠቅመዋል» ምክንያት አይሆንም፤ ኮሚቴው ያላየው ስሌት እንጂ ያስደነገጠው ብዛት አይደለም።

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ከጠቅላላው የአይጥ ቁጥር የግሩፖቹን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 20 ባለው መሃል ቢወድቅ ጥሩ ይባላል። በአንቺ 5 ግሩፕ፣ 5 አይጥ ብታደርጊ 25 ሲቀነስ 5፣ 20። በ6 ግን 25 ይሆናል፣ ከጣሪያው ያልፋል። ይህ ቀመር ግን የሚረዳው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን ፍንጭ በሌለበት ጊዜ ነው፤ ወባ ላይ ፍንጭ አለ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ተጠቀሚ።

እንበል የኔጌቲቭ ኮንትሮል ፓራሲቴሚያ አማካይ 35 በመቶ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ከአማካዩ የመራራቅ መጠን) 7 ነው። ብዙ ጊዜ «ይሠራል» ለማለት ዝቅተኛው 30 በመቶ መቀነስ ነው፤ ከ35 ላይ 10.5 ማለት ነው። 10.5 ለ7 ሲካፈል 1.5። በተለመደው አቋራጭ ቀመር 16ን ለ1.5 ስኩዌር አካፍዪ፤ 7 ይመጣል፣ ለትንሽ ሳምፕል ሲታረም 8 ወይም 9። ስለዚህ 6 ከበዛ ይልቅ ሊያንስ ይችላል! ያነሰ ቁጥርም ጭካኔ ነው፤ 30 አይጥ ገድሎ መልስ ሳያገኙ መቅረት። አሁን ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ወደ 5 አውርጂው፤ 10.5 ለ5፣ 2.1 ይሆናል፣ ያኔ 5 አይጥ ይበቃል። ጊምሳ ያለው የኢኖኩለም ቆጠራ እዚህ ነው የሚከፍለው፤ እጅሽ በተጠነቀቀ መጠን የአይጥ ቁጥር ይወርዳል። ስሌቱን በጂፓወር (የሳምፕል ብዛት ማስያ ሶፍትዌር) ሠርተሽ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ከየት እንዳመጣሽው ጨምረሽ አባሪ አድርጊ። ሁሉንም ዶዝ እርስ በርስ የምታወዳድሪ ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከኮንትሮሉ ጋር ብቻ ከሆነ የደኔት ቴስት ይሻላል።

120ው የተጋነነው ግን በግሩፕ አደራደሩ ነው። ለእያንዳንዱ ፍራክሽን የራሱ ኔጌቲቭ እና የራሱ ክሎሮኪን ለምን? እንዲህ አድርጊው። መጀመሪያ ድፍኑ ኤክስትራክት በ5 ግሩፕ። ከዚያ ሦስቱ ፍራክሽኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዶዝ ብቻ፣ ከጋራ ኮንትሮሎች ጋር፤ 5 ግሩፕ። ከሦስቱ የተሻለው ብቻ በቀሩት ሁለት ዶዞች፣ 4 ግሩፕ። ከ20 ግሩፕ ወደ 14 ወረድሽ። ክሎሮኪን ደግሞ ይህን ዝርያ ጠርጎ ነው የሚያወጣው፤ ሥራው ሙከራው መሥራቱን ማሳየት ስለሆነ 3 አይጥ ይበቃዋል። ሦስት የክሎሮኪን ግሩፕ በ3፣ 9፤ አስራ አንዱ በ6፣ 66። ድምር 75።

ድልደላው ላይም ተጠንቀቂ። ከኬጅ ውስጥ መጀመሪያ እጅ የሚገባው ደካማው ወይም ቀዝቃዛው አይጥ ነው። የተያዙትን በተራ ለኮንትሮል ከሰጠሽ ውጤቱ ገና ሳይጀመር ተዛብቷል። በክብደት ደርድረሽ በራንደም ቁጥር መድቢ። ስላይዱን የሚያነበው ሰውም የግሩፑን ስም አይወቅ፤ ኮድ ለጥፊበት።

ሰንበሌጥ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ 75ቱ በጣም ረድቶኛል። አኩት ቶክሲሲቲው ላይስ? የድሮውን ኤልዲ 50 (ግማሾቹን አይጦች የሚገድለውን ዶዝ መፈለግ) መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ።

ጊምሳ፦

ኦኢሲዲ (የኬሚካል መፈተሻ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ያንን የድሮውን መመሪያ፣ 401ን፣ በ2002 መጨረሻ ሰርዞታል። በመመሪያ 425 ሂጂ። በ2000 ሚሊ ግራም በኪሎ ሊሚት ቴስት (በአንድ ከፍተኛ ዶዝ ብቻ የሚሠራ)፦ አንዲት ሴት አይጥ፣ ያልወለደችና ያላረገዘች፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። ከመስጠትሽ በፊት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ምግብ ብቻ ይነሳ፣ ውኃ አይከልከል፤ ከዚያ በኋላም ለአንድ ሁለት ሰዓት ምግብ አይመለስ። እሷ ከተረፈች ሌሎች አራት በተራ ይከተላሉ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢያንስ አንዴ፣ በመጀመሪያው 4 ሰዓት በተለይ በትኩረት፣ ከዚያ በየቀኑ እስከ 14 ቀን። በአምስት አይጥ ያልቃል።

ሻሼ ላብ፦

ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። አይጡስ ለምን አስፈለገ? ራስል እና በርች በ1959 የእንስሳት ሙከራን ሦስት መርሆች ሲያስቀምጡ የመጀመሪያው መተካት ነበር፤ ቁጥር መቀነስና ስቃይ ማቅለል ከዚያ ቀጥለው ነው የመጡት። የሰው ወባ ጥገኛ የሆነውን ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምን በሰው ደም ማሳደግ ከ1976 ጀምሮ ይቻላል፤ ውድ ጋዝ ባይኖር እንኳ ሻማ ለኩሶ በዴሲኬተር (አየር በማያስገባ የላብ ዕቃ) ውስጥ መዝጋት በቂ ነው። ሦስቱን ፍራክሽኖች በ3ዲ7 (የፋልሲፓረም የላብ ዝርያ) ላይ በሳይበር ግሪን (የጥገኛውን ዲኤንኤ የሚያበራ ቀለም) ብታጣሪ፣ ቁጥር ወዳጅ ያለው ሁለተኛ ዙር ኮንትሮሉን ጨምሮ በሙሉ ይሰረዛል።

ጊምሳ፦

ለማጣሪያ እስማማለሁ። ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚነቃው ጉበት ውስጥ ነው። የወባ መድኃኒቱ ፕሮጓኒል ሳህን ላይ ደካማ ነው፤ ሰውነት ወደ ሳይክሎጓኒል ሲቀይረው ነው የሚገድለው። ሌላውን የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒንንም በ1971 የቻይናዊቷ ተመራማሪ የቱ ዩዩ ቡድን አይጥ ላይ ሞክሮ ነው ያረጋገጠው። ከዚያ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፦ ውጤቱ የመጣው በሙቀት ማውጣቱን ትተው በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት ነው። ኤክስትራክቱን በሮተሪ (ፈሳሹን በሙቀት የሚያተንን መሣሪያ) ላይ አቃጥለሽ ለ75 አይጥ ብትሰጪ የሞቱት በከንቱ ነው። ስለዚህ ሻሼ ላብ ያለውን እንደ ማጣሪያ አስገቢው፤ ኮሚቴውም «መተካት ታስቦበታል ወይ?» ለሚለው መልስ ያገኛል።

ባለ ኬጅ፦

ልጄ፣ ኤተሩን እርሺው። ይፈነዳል፤ በኤተር የሞተ አይጥ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ወይም ወደ ማቃጠያ ቢገባ እንኳ እሳት ያነሳል። የመተንፈሻ አካልንም ያቃጥላል፤ እንስሳው የሚታገለው ለዚያ ነው። ክሎሮፎርምም ከእሱ አይሻልም።

ለአይጥ ከእጅ ሥራ የሚቀድም የለም፦ አንገት ማለያየት። ፈጣን ነው፣ ኬሚካል አይፈልግም። የሚበላሸው ያልለመደ እጅ ሲይዘው ነው፤ ጅራቱ ይሳብና አከርካሪው ከታች ይለያያል፣ አይጡ በሕይወት ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሞቱ አይጦች ላይ ተለማመጂ፣ ቀጥሎ በአደነዘዝሻቸው ላይ። ማን እንደሚያደርገውና የት እንደተለማመደ ፕሮቶኮሉ ላይ ይጻፍ። ኬታሚን ከ80 እስከ 100፣ ዛይላዚን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ በሆድ ዕቃ ቢሰጥ ያደነዝዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጠቀሚ ከሆነ ከሲሊንደር፣ ፍሰት መለኪያ ያለው ሬጉሌተር ገጥመሽ፤ በደቂቃ ከሳጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ። የ20 ሊትር ሳጥን ከሆነ ከ6 እስከ 14 ሊትር ነው። ቀድሞ በጋዝ የተሞላ ሳጥን ውስጥ አይጥ አይጣልም። ትንፋሹ ከቆመ በኋላም አንገቱን ለይተሽ አረጋግጪ።

ሰጋቱራውን አዎን፣ ጻፊው። የአናጺ ቤት ሰጋቱራ ሁለት ጣጣ አለው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ሲሰነጠቅ ሙጫው አብሮ ይመጣል። ጥድ ከሆነ ደግሞ ሽታው የጉበት ኢንዛይሞችን ያነሳሳል፤ መድኃኒት ቶሎ ይሰበራል። ተክል ለምትሞክሪ ላንቺ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ዙር በጥድ፣ ሌላው በባሕር ዛፍ ላይ ተኝቶ ቢነጻጸር ልዩነቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከአንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት እንጨት፣ ተነፍቶ፣ ለሁሉም ኬጅ እኩል።

ሰንበሌጥ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መብራቱንስ እንዴት ልጻፈው? ሌሊት ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ በጋቫዥ ጊዜም (መድኃኒቱን በመርፌ ቱቦ በአፍ ወደ ሆድ ስሰጥ) አንዳንዶቹ ያስላቸዋል።

ባለ ኬጅ፦

መብራቱ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ተብሎ ይጻፋል፤ ታይመሩ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱን የሚስት ዓይነት ከሆነ ውሸት ጻፍሽ ማለት ነው። ባትሪ ያለው ይሁን፣ የጠፋበት ሰዓትም መዝገብ ላይ ይግባ። ክፍሉ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆን ይጠበቃል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ያንን አይሰጥሽም። ሂተር ከሌለ የተቀደደ ሶፍት ወረቀት ጨምሪላቸው፣ ጎጆ ይሠራሉ። ብቻውን የተቀመጠ አይጥ ይበርደዋል፤ ወባ ሲጨመርበት ሙቀቱ ቶሎ ይወድቅና ጊምሳ ያለው ማቆሚያ ላይ ያለ ጊዜው ይደርሳል።

ሳሉ መርፌው ወደ አየር ቧንቧ መሄዱን ይነግርሻል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ያዢ፣ ርዝመቱን ከአፉ እስከ መጨረሻው ጎድን ለክተሽ ምልክት አድርጊበት። ከተቃወመሽ አትግፊ፣ አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። መጠኑ 10 ሚሊ ሊትር በኪሎ ነው፤ ለ25 ግራም አይጥ ሩብ ሚሊ ሊትር። በአፍንጫው ፈሳሽ የወጣው ወይም መተንፈስ ያቃተው አይጥ ከሙከራው ወጥቶ ወዲያው ይገደላል፤ ወጪውም ከነምክንያቱ ይጻፋል። «በመድኃኒቱ ሞተ» ብለሽ እንዳትቆጥሪው።

ቁጥር ወዳጅ፦

አንድ ጭማሪ። ማጣቀሻ ላይ ብዙ ሰው የአሜሪካኑን የ1966 የእንስሳት ደህንነት ሕግ ይጠቅሳል። ለምርምር ተብለው እንዲዋለዱ የተደረጉ አይጦች በዚያ ሕግ ውስጥ የሉም፤ በ2002 በግልጽ ወጥተዋል። የ2011ዱን የላቦራቶሪ እንስሳት አያያዝ መመሪያ፣ ስምንተኛውን እትም፣ ጥቀሺ፤ ለጽሑፉ ደግሞ የ2020ውን አራይቭ 2.0 (የእንስሳት ምርምር ጽሑፍ አዘጋገብ መመሪያ)። ከሙከራው የወጡትን አይጦች ቁጥር በየግሩፑ ይጠይቅሻል፣ ጋሽ ባለ ኬጅ ያሉትን መዝገብ እንዳትጥዪው። የፈቃድ ቁጥሩ እጅሽ ሳይገባም አንድ ዶነር እንኳ አታስያዢ፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

ሰንበሌጥ፦

ገባኝ። 75 አይጥ እና 5 ለቶክሲሲቲ፣ ዶነሮች 2 በየዙሩ፣ የፍራክሽኑ ዙር በሳይበር ግሪን ከተተካ ደግሞ ያነሰ። ዙሮቹን ሐሙስ ሐሙስ አስጀምሬ እንደገና አስገባዋለሁ።